ነጠላ የለበሰው አጽም

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አጽም ሰውነትን ያቆማል፣ የራስ ቅል አንጎልን፣ የጎድን አጥንት ልብን ይጠብቃል እያልኩ የማስተምረው በሥዕል ብቻ ነበር። ሰሞኑን ግን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ካለ ትምህርት ቤት የፕላስቲክ አጽም ተዋስኩ። አስኮ ወዳለው ትምህርት ቤቴ ልወስደው፣ ካፊያ እንዳይመታው በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቀፍኩትና በአስኮ አድርጎ ሳንሱሲ የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ።

በነጭ የተጠቀለለ አጽም ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ አላሰብኩበትም። ታክሲው ሲነጥር እግሩ ከነጠላው ሾልኮ ወጣ። ሾፌሩ በመስታወት አየውና ዘፈኑን አጠፋ። ረዳቱ «እግዜር ያጥናሽ እህቴ» አለኝ። ከኋላዬ አንድ አዛውንት «አጽሙን አገሩ ወስዳ ልታሳርፈው ነው» ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። አሁን ይሄን ሁሉ ሰው «ፕላስቲክ ነው» ብዬ እንዴት ላሳፍረው? አንገቴን ደፋሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጭራሽ እግሩን በመዳፋቸው ይዘው ያሻሹት ጀመር። ጨነቀኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው፤ ተማሪ ማስተማሪያ ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን አላነሱም።

«ገና ስነካው አውቄያለሁ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የኔ ልጅ በስደት በረሃ ላይ ነው የቀረው። አጽሙን እንኳ አላገኘሁትም። ሳንሱሲ እስክወርድ ልያዘው።»

«አስኮ ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

ዝም አልኩ።