ከሰርተፊኬቱ በታች ያለው ማሽን

የሸክላ ቤታችን ኃላፊ ወዶ ጭቃ ነክቶ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጭቃ የነካው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም አዳልጦት ሲወድቅ። ያን ዕለት ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፣ አንድ ጊዜ በአልኮል ታሸ፣ ከዚያ ወለሉ ለምን እንደሚያዳልጥ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። የሸክላ ቤት ወለል ለምን ያዳልጣል ብለው ሦስት ጎልማሶች ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ ከኋላው "ኮሚቴ" እንለዋለን። ቢሰማ እንኳ እንደ ማዕረግ የሚቆጥረው ይመስለኛል።

ወደ እኛ የመጣው ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ መጋዘን ነው። እዚያ ንብረት ክፍል ነበር። ለምን እንደ ተሾመብን የሚያውቅ የለም፤ እኔ በበኩሌ ሸሚዙ ነጭ ስለሆነ ነው እላለሁ። ጫማው እንዳይቆሽሽ ከቢሮው በር እስከ ሥራ ክፍሉ ጣውላ አስነጥፏል፤ በጣውላው ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመላለሳል። ጎብኚ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጭቃ የሚሰማው የተረጋጋን ሰው ነው" ይላል። ይህን አባባል የሰረቀው ከእህቴ ነው። እሷ የተናገረችው አንድ የሚጣደፍ ሠራተኛ ስትቆጣ ነበር፤ እሱ ግን ለፎቶ ይለዋል።

እህቴ የቤቱ አንጋፋ ናት። እኔን ምድጃ ላይ ያስቀጠረችኝም እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በመስኮቱ ሥር ባለው ማሽን ላይ ተቀምጣ ባለ ክዳን ማሰሮ ስትሠራ ኖራለች። ጠዋት ክዳኖቹን ትሠራለች፣ ከሰዓት ማሰሮዎቹን፤ ሳትለካ። ሲደርቁና ሲተኮሱ የትኛውንም ክዳን አንስተህ በየትኛውም ማሰሮ ላይ ብታስቀምጠው ልክክ ይላል። ሌሎቹ ሠራተኞች እያንዳንዱን ክዳን ከማሰሮው ጋር ቁጥር ጽፈው ያጣምራሉ። እሷ እርሳስ እንኳ አልነበራትም።

ማሽን የምንለው ይሄ ነው የሚባል ረቂቅ ነገር አይደለም። ከታች በእግር የሚገፋ ከባድ የድንጋይ ክብ፣ ከላይ ጭቃው የሚቀመጥበት የብረት ሳህን፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ዘንጉን የሚይዝ ኩሽኔታ። በቃ።

ኮሚቴ ባለፈው ወር ስለ አመራር ለአምስት ቀን ሠልጥኖ ተመለሰ። የሠለጠነበትን ሰርተፊኬት በወርቃማ ፍሬም አስገባው። ቢሮው ውስጥ እንዳይሰቅለው ቢሮው ሰው አይገባም። ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው እህቴን ነው፤ ስለዚህ ሰርተፊኬቱ ከእሷ ማሽን በላይ፣ ካሜራ በማያመልጠው ቦታ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ተሰቀለ።

ሰኞ እህቴ ጭቃዋን አስቀምጣ ማሽኑን ገፋችና ፊቷ ተለወጠ። ጭቃው መሃል አልይዝ አላት። የማሰሮውን ታች እንደምንም ሠራችው፤ ማሰሮው ከፍ ሲል ግን አንዱ ግድግዳ ወፍሮ ሌላው ሳሳ። በሳምንቱ መጨረሻ ምድጃውን ስከፍት አሥራ አራት ክዳን አሥራ አራት ማሰሮ ላይ አልገጥም አለ። እኔ ነኝ አንድ በአንድ የሞከርኳቸው።

"አለቃ፣ ማሽኑ ይወዛወዛል" አለችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?" አለና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

ብልሽት ሲፈልግ ባያችሁት! መጀመሪያ ውሃ ልክ አስመጥቶ ወለሉን ለካ። ወለሉ ደህና ሆነ። ከማሽኑ እግር ሥር ካርቶን አስገባ፤ ካርቶኑ በውሃ ርሶ በማግስቱ ሟሟ። ዘይት አምጡ አለና ኩሽኔታው የት እንዳለ ስለማያውቅ የእንጨቱን ጠርዝ ቀባው። በርጩማዋን ቀየረ። በመጨረሻ ከጎኗ የምትሠራውን ልጅ ማሽኑ ላይ አስቀምጦ አንዲት ጠፍጣፋ ሳህን አሠራት፤ ዝርግ ነገር ውዝዋዜ አያሳይምና ሳህኗ አምራ ወጣች። እሱም ደረቱን ነፍቶ ቃለ ጉባኤ ጻፈ፣ "ወለሉ ትክክል ነው፣ ማሽኑ ዘይት ተቀብቷል፣ በርጩማው ተቀይሯል፤ የቀረው ምክንያት የሠራተኛዋ እጅ ነው።" ሳህኑን ከፍ አድርጎ ከሥሩ ማየት በአእምሮው ውል አላለም። ለዚያ መንበርከክ ያስፈልጋል፣ ሱሪው ደግሞ ተተኩሷል።

ከዚያ የሠራው ግን ከሁሉ ይብሳል። ስምንታችንም ሠራተኞች ባለንበት "እስቲ እጅዎን ይዘርጉ እትዬ" ብሎ የዘረጋችው እጇ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አኖረ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሰው ሁሉ እያያት ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ወረቀቱ ተርገበገበ።

"አያችሁ" አለ፤ የምስራች እንደሚነግር ሰው። "ዕድሜ ነው እትዬ፣ ምንም አያሳፍርም። ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ይሆናሉ። እዚያ ሥራው ቀላል ነው።"

ማሸጊያ ክፍል ማለት ሌላው የሠራውን ዕቃ በአሮጌ ጋዜጣ መጠቅለል ነው። እህቴ አንገቷን ደፍታ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም።

እኔና እሷ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ከዚያ ቀን በኋላ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጇ መያዝ ጀመረች። መርፌ ላይ ክር የምታስገባላት ባለቤቴ ሆነች። ሐኪም ዘንድ ሄዳ "ምንም የለሽም" ተብላለች፤ እሷ ግን ያመነችው ወረቀቱን ነው። ዕረፍት ወስዳ በሌላ ማሽን ብትሞክርም አልሆነላትም፤ ቅስሟ ከተሰበረ በኋላ ምን ይሆንላታል? አንድ እሑድ ጠዋት ደጃፍ ተቀምጣ መዳፏን ገልበጥ ቀና እያደረገች "እኔኮ በእነዚህ እጆቼ ተማምኜ ነበር" አለችኝ። "ሁሉ ነገር ቢከዳኝ እነዚህ አይከዱኝም ብዬ።"

ማሽኑን ለማየት የቆረጥኩት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት መቁረጥ ነበረብኝ፤ ለምን እንዳልቆረጥኩ እመጣበታለሁ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሻይ ሰዓት፣ ሁሉም እያለ አንድ ጡብ ከምድጃው አምጥቼ ከሳህኑ ጎን አስቀመጥኩ። ጡቡ ላይ ሚስማር በጭቃ አጣበቅኩ፤ ጫፉ የሳህኑን ጠርዝ ለጥቂት እንዳይነካ አድርጌ። ከዚያ የድንጋዩን ክብ በእግሬ ገፋሁና እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

ሳህኑ ዞረ። ሚስማሩ ባንድ በኩል ጠርዙን ጫር ያደርጋል፤ ሌላው በኩል ሲመጣ በመካከላቸው ትንሽ ጣት የምታስገባ ክፍተት ይቀራል። ጫር፣ ዝም፣ ጫር፣ ዝም። ማንም አልነካውም።

"አለቃ፣ የማን እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው?" አልኩት።

ሰው ሳቀ። እህቴ ግን አልሳቀችም፤ ተጠግታ ጎንበስ ብላ ጫር የሚለውን ታዳምጥ ነበር። ኮሚቴ ጣውላው ላይ እንደ ቆመ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና "ማሽንም ያረጃል፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ይጠና" አለ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ ይወጣል ብሎ የጠበቀ ካለ እሱን አያውቀውም።

ብሎኖቹን ፈትተን ዘንጉን አወጣንና ብረት የሚያቃናውን የቶርኖ ቤት ባለሙያ ጠራነው። አጭር፣ ንግግር የማይወድ ሰው ነው። ዘንጉን የመስኮት መስተዋት ላይ አስተኝቶ በመዳፉ አንከባለለው። ዘንጉ እንደሚያነክስ ሰው ይሄድ ጀመር።

"ጎብጧል" አለ።

"በእርጅና?" አለ ኮሚቴ ተስፋ አድርጎ።

"ብረት በእርጅና አይጎብጥም። ሰው ቆሞበታል። መሃሉ ላይ ቢቆም ምንም ባልሆነ፣ ጠርዙ ላይ ነው የቆመው።" ዘንጉን በጨርቅ ጠቀለለ። "ነገ አቃንቼ አመጣዋለሁ።"

እህቴ ቀስ ብላ ቀና አለች። ከባዶው ማሽን በላይ ወርቃማው ፍሬም ያብረቀርቃል። ፍሬሙ ከመስኮቱም በላይ፣ እጅ የማይደርስበት ነው፤ መሰላላችንን ደግሞ ጎረቤት አናጢ ከተዋሰው ሁለት ወሩ ነው። ሰርተፊኬቱን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ ሰውየውን አየች።

"አለቃ፣ እሱን ሲሰቅሉ ምን ላይ ቆመው ነበር?"

ኮሚቴ ላብ ላብ አለው። ግራ ቀኝ ዞሮ የሚደበቅበት ኮሚቴ ቢያጣ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን እውነት ተናገረ፤ ያውም በእኔ ላይ።

"ብቻዬን አልነበርኩም" አለ። "ወንድምዎ እግሬን ይዞልኝ ነበር።"

እውነቱን ነው። ጫማው እንዳይቆሽሽ ሁለት እግሩን በፌስታል አስሮ ሳህኑ ላይ ሲወጣ ደግፌው ነበር። በየምሳ ሰዓቱ እሱን እየቀዳሁ ሰው የማስቀው እኔ፣ ያን ቅዳሜ ፌስታል የለበሰ እግር አቅፌ ቆሜያለሁ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሚስማር ሲንጠራራ ሳህኑ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አይቻለሁ። ከውስጥ "ቋ" ሲል ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩት ፈርቼ ቢሆን መናገር ይቀለኝ ነበር። ንቄው ነው። ለዚህ ደግሞ ምን ይነገረዋል፣ ቢሰብርም የራሱ ጣጣ ብዬ ነው። የማን ማሽን ላይ እንደ ቆመ ትዝ አላለኝም። ሰኞ ትዝ ሲለኝ ደግሞ እግሩን መያዜ እንዳይሰማ ብዬ ዋጥኩት። እሷ በሁለት እጇ ሻይ ስትጠጣ እያየሁ ሦስት ሳምንት ዋጥኩት። ያ ሁሉ የጡብና የሚስማር ትርዒት ብልሃቴ አይደለም፤ ምን እንደ ጎበጠ ቀድሞውኑ አውቅ ነበር።

እህቴ ያን ቀን አላነጋገረችኝም። በማግስቱ ዘንጉ ተቃንቶ መጣ። እኔ ገጠምኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ ሚስማሩን አስጠግቼ አዞርኩት፤ ጫር የሚል ነገር የለም። እሷ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ ትከሻዋ ፈርቶ ነበር፤ በሦስተኛው ጭቃ ለቀቅ አለ። ከሰዓት በኋላ ጠዋት ከሠራቻቸው ክዳኖች አንዱን እንዲሁ ከመሃል አንስታ አዲሱ ማሰሮ አፍ ላይ አሳረፈችው። ልክክ አለ። ኮሚቴ ከጣውላው ላይ ሆኖ አጨበጨበ፣ እሱ ያቃናው ይመስል።

ሠራተኛው ሲወጣ እጇን ታጠበችና ጠራችኝ። ከሽርጧ ኪስ አንድ ታጥፎ የኖረ ነጭ ወረቀት አወጣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዛው ኖራለች።

"እጅህን ዘርጋ" አለች።

"እትዬ፣ እኔ . . ."

"ዘርጋ።"

ዘረጋሁ። ወረቀቱን የእጄ ጀርባ ላይ አኖረችው። መስኮቱ ዝግ ነበር፣ የሚያየንም ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ግን ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ተንቀጠቀጠ፤ ላቆመው ብል አልቻልኩም።

"ያንተ እንኳ" አለች፣ "ማሽኑ አይደለም።"