ነጥብ የማይቆጥረው አድራሻ

እናቴ ቀራንዮ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አራት ነጥብ ለረሳ ተማሪ ምሕረት አልነበራትም። ኢሜይል ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ስሟንና የአባቷን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩና መሀላቸው ነጥብ አደረግሁ። ነጥቧን ስታይ ደስ አላት። «ይኸውልሽ፣ ሥርዓት ያለው አድራሻ!» አለችኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ የድሮ ተማሪዋ ደወለላት። ያኔ ሕፃን የነበረው ልጅ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። የአባቱን ቤት ሲያጸዳ እናቴ መጀመሪያ ካስተማረችው ክፍል ጋር የተነሳችውን ፎቶ አግኝቷል። እሷ ከዚያ ዘመን አንድም ፎቶ የላትም፤ ቤት ስንቀይር ጠፍተውባታል። ኢሜይሏን በስልክ ነገረችውና ስትጠብቅ ዋለች።

አመሻሽ ላይ መልሶ ደወለ። «እትዬ፣ ተመለሰብኝ። እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም ይላል።»

ስልኩን እንደዘጋች «ነጥቧን ዘሏት ነው! ያኔም እንዲሁ ነበር» አለች።

እኔ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። «ነጥቧ አይደለችም እማዬ። ያንቺ ኢሜይል ያለበት ድርጅት ነጥብ አይቆጥርም። ቢያደርጋትም ቢተዋትም መልእክቱ አንቺው ጋ ነው የሚመጣው።»

«ነጥብ የማይቆጥር?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

ከስልኬ ላኩላት፤ መጀመሪያ ያለ ነጥብ፣ ቀጥሎ በየፊደሉ መሀል ነጥብ እየጨመርኩ። ሁሉም ደረሳት።

«ታዲያ ለምን አስቀመጥሻት?»

«ለማንበብ እንዲመች።»

«እሱስ ልክ ነው» አለችና ትንሽ ተጽናናች።

ከዚያ ሰውየው ጋ ደወልኩና የጻፈውን ፊደል በፊደል እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። የስሟ ፊደላት እንዳለቁ «ኤን፣ ኢ፣ ቲ...» ማለት ሲጀምር ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናቴ «ነጥብ» ስትለው ነጥብ የሚለውን ቃል ራሱን ጽፎታል! ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ልጄ፣ ምልክቱን ነው እንጂ ያልኩህ ቃሉን አይደለም!»

«እትዬ፣ እኔ ያሉትን ነው የጻፍኩት። የቃል ጽሕፈት መስሎኝ!»

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ።

ፎቶው ወዲያው መጣ። እናቴ ከዳር የቆመች፣ ሸንበቆ የመሰለች ወጣት ናት። እሷ ግን ራሷን ትታ ልጆቹን በየስማቸው መጥራት ጀመረች፤ አንዳንዱ ስም ላይ ድምጿ ይሰበር ነበር።

ያን ዕለት ልቧ ሞልቶ ስለነበር ፎቶውን ለታናሽ ወንድሟ ራሷ ልትልክለት ፈለገች። በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ውስጥ ያለችውን ነጥብ አውቃ ተወቻት። ተመለሰባት።

«አይቆጠርም አላልሽም?»

«አንቺ ጋ አይቆጠርም፤ እሱ ጋ ግን ይቆጠራል። ኢሜይሉ ያለበት ድርጅት ነው የሚወስነው።»

«እንደ ፈተና አራሚው ነው በይኛ!» አለች። ነጥቧን አስገብታ በገዛ ጣቷ ላከችው።

በማግስቱ አጎቴ ደወለ። «ያቺ ቀጭኗ አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን መሰለህ?» አለችው፣ ቀና ብላ።