ሁለት አፍ ያለው ነጋሪት

ኅዳር 6፣ ንጋት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል ተብሎ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎም ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ የጎማ ጫማ የታጨቀበት ጆንያ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይጫናል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሾፌሩ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ይነርታል።

«ጌታው፣ ጎንደር ምን ሊሠሩ ነው? ነጋዴ አይመስሉም» አለኝ።

«ሙዚየም ለማየት።»

«ለሙዚየም? ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ ቅመው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሳቅ። እኔ ግን የምሄድበት ምክንያት አለኝ። የአማርኛ መምህር ነኝ። ድምፄ ወፈር ያለ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥን አገራችን ከገባ ወዲህ ለሚታዩ ፊልሞች ጽሑፍ እንዳነብ አንዳንድ ጊዜ እጠራለሁ። የውጭ አገር ቤተ መዘክሮችን ከውስጥ የሚያሳዩትን ፊልሞች በአማርኛ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የፊልሙ ሰዎች «የእኛም አለ» ብለው የጎንደሩን ሠሩ። ወረቀቱን ሰጡኝ፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩት። «ይህ የነገሥታቱ ነጋሪት ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም።» «አልተሰማም» ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ትንፋሽም ወስጄ። ፊልሙ በታየ ዕለት ጎረቤቴ ቤት የተሰበሰበው የሰፈር ሰው አጨበጨበልኝ።

በማግሥቱ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ነጋሪቱ ስንት ክንድ ይሆናል?» አላየሁትም ማለት አሳፈረኝ። «ሁለት» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እነሆ ከርእሰ መምህሩ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ለምኜ ያንን ሁለት ክንድ ልለካ እየሄድኩ ነው።

ኅዳር 8፣ ጠዋት፣ እንፍራንዝ

ደብረ ማርቆስ ቁንጫ፣ ባሕር ዳር ትንኝ ሲበላኝ አደረ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ማርያምን ሲጠሩ፣ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ሾፌሩን ሲራገሙ ነበር።

እንፍራንዝ ላይ ለቁርስ ቆምን። የተጠበሰ ዓሣ ከእንጀራ ጋር ሰባ አምስት ሳንቲም። ከመንገዱ በላይ ኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ሙዚየም ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጥንት ነገር የሚታይበት ቤት ነው።»

«የጥንቱማ ያውልህ!» ብለው በማማሰያቸው ወደ ኮረብታው አመለከቱ። «ፍየል ይገባበታል፣ ፍየል ይወጣበታል። ማን አየው ብለህ?»

«የፊልም ሰዎች አልመጡም?»

«መጡ እንጂ! ዓሣ በልተው ሄዱ።»

ኅዳር 8፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎንደር

ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ በቀጥታ ሄድኩ። ፊልሙ የሚጀምረው ከግንቦቹ በር ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ ወዲያው የመስተዋት ሣጥን የተደረደረበት አዳራሽ ይታያል። ተመልካች ሁሉ አዳራሹ ግንቡ ውስጥ ነው ብሎ ያምናል፤ እኔም አምኜ ነበር። አዳራሹ ግን ከፒያሳ ቁልቁል ያለ፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ፣ ቢጫ ቀለሙ የተላላጠ ቤት ሆኖ ተገኘ። በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ደጃፉ ላይ ዘበኛው አያ ደምሌ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ መቋሚያቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ካህን ተቀምጠዋል።

በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። የተነባበሩ ወንበሮች። ጥቁር ጨርቅ የለበሰ አንድ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ነጋሪቱና አንድ እንስራ። በቃ፣ ሌላ የለም።

«የመስተዋቱ ሣጥኖች የት ሄዱ?» አልኩ።

«የባለሱቅ ናቸው» አሉ አያ ደምሌ። «ብስኩት ይሸጥባቸዋል። ፊልሙ ባለቀ ማግሥት ባለቤቱ መጥቶ ወሰደ።»

ደሜ ፈላ። በዚያ ወፍራም ድምፄ ለአገር ሁሉ ያስተዋወቅሁት ቤተ መዘክር የብስኩት መደርደሪያ ኖሯል!

ይኼኔ ካህኑ ቀና አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። «ልጄ፣ መነጥር አድርገሃል መሰል። እስቲ ደህና አድርገህ እይልኝ፤ ከበሮዬ አለ?»

«ከበሮ የለም አባቴ። ነጋሪት ነው ያለው።»

«ነጋሪት አንድ አፍ ነው። ይኼ በትልቁ አፉ ደፍተው ስላቆሙት ነው እንጂ ሁለት አፍ አለው። ገልብጠህ ብታየው ታውቀው ነበር።»

መሪጌታ ውብነህ ይባላሉ። ከአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ገባ ብላ ባለች የሚካኤል ደብር ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ከፍልሰታ በኋላ የፊልም ሰዎች መጥተው «ለሦስት ቀን» ብለው ከበሮውን ተዋሱ። ይኸው ሁለት ወር ተኩል ሆነው። ለደብሩ የቀረችው ትንሿ ከበሮ ቆዳዋ ተቀዷል። የደብሩ ዓመታዊ በዓል ኅዳር 12 ነው፤ አራት ቀን ቀርቶታል።

«ኸትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚህ ነኝ» አሉ። «ነገ ና ይሉኛል፣ እመጣለሁ። ምነው፣ ሚካኤልን በጭብጨባ ላንግሠው?»

እኔ ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 9፣ ጎንደር

ቁልፉ በእጃቸው ያለው ሹም ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት ደግሞ ቀብር ሄደዋል። መሪጌታና እኔ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠን ዋልን። እሳቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ እኔ እናደዳለሁ።

ኅዳር 10፣ ጎንደር

ሹሙን አገኘናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ጫማቸው ያበራል፤ ከራሳቸው በላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። ሳይቆጡ፣ ሳይጮኹ፣ ረጋ ብለው እንቢ አሉን።

«ዕቃው መዝገብ ገብቷል። መዝገብ የገባ ቅርስ አይወጣም።»

«የደብሩ ንብረት እኮ ነው» አልኩ።

«አሁን የሕዝብ ነው።»

«ሕዝቡማ ይኸው መቋሚያውን ይዞ ፊትዎ ቆሟል!»

ፈገግ አሉ። «ወንድሜ፣ ከበሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ በሰጠኋቸው። ነገር ግን ነጋሪት ነው። አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ በሆቴሉ ቴሌቪዥን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የነገሥታት ነጋሪት ነው ብሏል። የተማረ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ጋር የሚጣላ ወረቀት ልፈርም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር። መሪጌታ ግን በእነዚያ ደካማ ዓይኖቻቸው ወደ እኔ እያዩ ነው፤ እረዳቸዋለሁ ብለው ተስፋ አድርገዋል።

«ያ ድምፅ የእኔ ነው» አልኩ። «ነጋሪት ነው ያልኩት ሳላየው ነው። ተሳስቻለሁ።»

ሹሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንግዲያማ እርስዎ ራስዎ መስክረዋል! አሁን ሐሳብዎን ቢለውጡ ፊልሙ ይለወጣል?»

መሪጌታ ፊታቸውን ከእኔ ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያችን አዟዟር መቼም አልረሳትም።

ክርክሩ እስከ ስድስት ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻ ሹሙ ቸርነት ያደረጉ መስሏቸው «በውሰት፣ ለስምንት ቀን፣ በዋስ» አሉ። ወረቀቱ ተጻፈ። «አንድ ጥንታዊ ነጋሪት ከነመግለጫው ለደብሩ በውሰት ተሰጥቷል።»

«የራሴን ተውሼ?» አሉ መሪጌታ። «እንዲህ ያለውን ነገር አልፈርምም። ሚካኤል ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ?» ብለው ወጡ።

ተዋሽም ዋስም ሆኜ ፈረምኩ።

አዳራሹ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። የከበሮው ትንሹ አፍ ላይ፣ ቆዳው ላይ፣ የመግለጫው ወረቀት በሙጫ ተለጥፏል። «የነገሥታት ነጋሪት። መንካት ክልክል ነው።» በጥፍሬ ልልጠው ሞከርኩ፤ ቆዳው አብሮ ሊነሣ ሆነ፣ ተውኩት። ትልቁ አፍ እንደ ተደፋበት ሁለት ወር እርጥበት ጠጥቶ ላልቷል። ከላይ እስከ ታች ለካሁት፤ አንድ ክንድ ተኩል ነው።

ኅዳር 11፣ ወለቃ

እህል የሚጭን ማኪና ላይ ወጣን፤ ለሁለታችን ሦስት ብር፣ ከበሮውን ሾፌሩ በነፃ ጫነው። መሪጌታ ከትናንት ጀምሮ አላናገሩኝም። ወለቃ ስንደርስ ሾፌሩ ውኃ ሊጨምር ቆመ። ከመንገዱ ዳር የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላቸውን ደርድረዋል። ከእንስራዎቹ መሐል አምስት ስድስቱ ጠረጴዛው ላይ ካየሁት ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው።

ከሴቶቹ አንዷን፣ ወይዘሮ ጥሩነሽን፣ በፊልሙ «የእቴጌዪቱ የጠጅ እንስራ» ብዬ ያነበብኩት የእሳቸው ሥራ መሆን አለመሆኑን ጠየቅኋቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ።

«የጠጅ? የውኃ ነው እንጂ! ኸሰኔ ወዲህ ነው የሠራሁት። ፊልም ያነሡት ሰዎች ደህና አድርጌ አጠቁሬ እንድሰጣቸው ለመኑኝ፤ ጭስ ላይ አሳድሬ ሰጠኋቸው። ታዲያ እቴጌ ጠጡበት?»

ይኼኔ መሪጌታ ከማኪናው ላይ ሆነው ተናገሩኝ። «በል እስቲ፣ ስለ ከበሮዬ ያልከውን እዚሁ ድገመው።»

በሰው ፊት፣ መንገድ ዳር፣ እንደ ፊልሙ አድርጌ ደገምኩት። «ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም።» ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳቃቸውን አቆሙ።

«በሰኔ ሚካኤል እኔው ነኝ ያስመታሁት» አሉ መሪጌታ። ቀጥለውም «ድምፅህ ሸጋ ነው። ምነው ለእውነት አላዋልከው?» አሉኝ።

ተመልሼ ማኪናው ላይ ወጣሁ።

ወደ ደብሩ በሚገባው መንገድ ላይ ከማኪናው ስንወርድ የደብሩ ሰዎች በቅሎ ይዘው ይጠብቁን ነበር። በቅሎዋ ላይ መሪጌታን አስቀመጡ፤ ከበሮውን ግን እየተቀባበሉ ራሳቸው ተሸከሙት። ደብሩ ስንደርስ ቆዳው እንዲደርቅ በማታ ፀሐይ አሰጡት፤ ልል ጠፍሩን አጠበቁት።

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ለት፣ ጠዋት

ታቦቱ ከመቅደስ ወጣ፤ እልልታው አምባውን ሞላው። ከበሮውን አንድ ረጅም ደብተራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ወረቀቱ አሁንም እንደ ተለጠፈ ነው። ደብተራው «መንካት ክልክል ነው» የሚለውን አነበበ፣ ወደ መሪጌታ አየ። መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱ።

የግራ መዳፉ በወረቀቱ ላይ አረፈ።

ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ትንሽ የታፈነ ነበር፤ ሦስተኛውን ዙር ሲዞሩ ግን ጠራ። በእያንዳንዱ ምት ከወረቀቱ ቁራጭ ይነሣል። «ክልክል» የምትለዋ ሄደች፤ «ነገሥታት» ሄደች። አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት አላውቅም።

ታቦቱ ሲገባ መሪጌታ ከመሬት የተለቀሙ የወረቀት ቁርጥራጮች በመዳፌ ላይ አኖሩ። «የነሱ ይኼ ብቻ ነው። አድርስላቸው» አሉኝ።

ኅዳር 14፣ ጎንደር

ቁርጥራጩን በፖስታ አሽጌ ለሹሙ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩላቸው። ስምንቱ ቀን ገና አልሞላም ነበር።

ከፍተው አዩት። «ይህ ምንድን ነው? ነጋሪቱስ?»

«ነጋሪት አልነበረም። የእናንተ የሆነው መግለጫው ነው፤ መልሻለሁ። በቀረው ዋሱ እኔ ነኝ፤ ይክሰሱኝ።»

ኅዳር 19፣ አዲስ አበባ

ለተማሪዬ «አንድ ክንድ ተኩል፤ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት። ቀጥዬ የፊልሙ ሰዎች ዘንድ ሄድኩ፤ ያንን ገጽ እንደገና በነፃ ላንብብላችሁ ብዬ ለመንኩ። ሥራው አልቋል፣ ተመልካችም ወዶታል፣ ዛሬ ማታ ይደገማል አሉኝ።

ተደገመም። ጎረቤቴ ቤት ያው የሰፈር ሰው ተሰብስቧል። በሩ ተከፈተ፣ የብስኩቱ መስተዋት አብረቀረቀ፣ የወይዘሮ ጥሩነሽ እንስራ አለፈ። ከዚያ ከበሮው መጣ፣ በአፉ እንደ ተደፋ። ድምፄም ዝቅ አለ፣ ትንፋሽ ወሰደ፦ «ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም።»

ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ፣ በዚያው በወፍራሙ ድምፄ። «በሚካኤል ለት ሰምቼዋለሁ።»