ስግብግብ ስሌት ለአንድ ቧንቧ

የምንኖረው ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» መባባል ከተተወበት ግቢ ውስጥ ነው። ቧንቧው አንድ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል ይባላል፤ ፈረቃውን የሚያውቅ ግን አላጋጠመኝም።

በዚያ ሰሞን ለሥራ ፈተና ኮዲንግ አጠና ነበር። እናቴ ምን እንደማጠና ስትጠይቀኝ፣ «ስግብግብ የሚባል ስልት ነው፤ ወደ ኋላ ሳያዩ ለጊዜው የሚሻለውን እየመረጡ መሄድ» አልኳት። «እኛ ቤት ስግብግብ የለም» አለችና ለጎረቤት እንዳላወራ አስጠነቀቀችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ቀጥኖ መጣ። በእኛ ግቢ ወረፋ የሚይዘው ዕቃ እንጂ ሰው አይደለም፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያው የእትዬ በርሜል ነበር። እትዬ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ተዝካሩ በማግስቱ ስለሆነ ለድግሱ ውሃ የግድ ያስፈልጋቸዋል። ከኋላ ያለች ሴትዮ ግን «በርሜሉ ውሃውን ይጨርሰዋል» ብላ ጭቅጭቅ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ይህ ጥያቄ መጽሐፌ ላይ አለ። ብዙ ሰው ዕቃውን ሞልቶ እንዲሄድ ከተፈለገ ከትንሹ ዕቃ መጀመር ነው። ይህንኑ ተናገርኩ። ባለ ጀሪካኖቹ በአንድ አፍ ተስማሙ።

«ተምሮ የመጣ ልጅ ነው፤ እሱ ያለው ይሁን» አሉ እትዬም።

ዕቃውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩ። ጀሪካኖቹ ሁሉ ሞሉ። በርሜሉ ተራው ሲደርስ ቧንቧው አየር ተፋና ዝም አለ።

«ያልደረሰዎት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ» አልኳቸው፤ ከዚህ የተሻለ ውጤት እንደማይገኝ እንዲረዱልኝ ብዬ።

«ባሌም ጥሎ የሄደው እኔን ብቻ ነው» አሉ።

መጽሐፉ ላይ ለዚህ የሚሆን ምንም የለም።

እናቴ ጀሪካናችንን አንስታ ግማሹን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠች። ቀጥሎ ጭቅጭቁን የጀመረችው ሴትዮ ገለበጠች። ከዚያ ሌሎቹም ተራ በተራ መጡ፤ ይህን ወረፋ ማንም አልደረደረውም። በርሜሉ እስከ አፉ ሞላ።

በፈተናው መለኪያ ከሄድን፣ ሞልቶ የተገኘው ዕቃ አንድ ብቻ ስለሆነ ወድቀናል። እትዬ ክዳኑን ገጠሙና መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«በል እንግዲህ» አሉ፣ እዚያ ለሌለው ሰው፣ «ጎረቤት አላሳፈረህም።»