ከመያዣው የጠፋው ሳንቲም

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ዴ ሞይን ከተማ፣ ጋሼ ተፈራ በር ላይ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ልጃቸው ሄለን ውጭ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«ቦርሳሽን ልየው?» አለችኝ።

እኔ የሆም ኬር ሠራተኛ ነኝ። ጋሼ ተፈራን ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒታቸውን መስጠት ነው ሥራዬ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤርፖርት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት ውጪ ብዙም አያዩም።

አንድ ፍቅር ነበራቸው... ሳንቲም መሰብሰብ። ሱቅ የምንከፍልበትን ዓይነት አይደለም። ፕሩፍ ይሉታል፤ ለሰብሳቢዎች ተብሎ ለብቻው የሚሠራ ነው። እሳቸው እንዳስረዱኝ፣ ማተሚያውም ገና ያልተመታው የብር ክብም አስቀድመው ይወለወላሉ፣ ከዚያ ክቡ ተደጋግሞ ይመታል። ለዚህ ነው መደቡ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳየው፣ ምስሉ ደግሞ ውርጭ እንዳረፈበት ነጭ ሆኖ ጎልቶ የሚወጣው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ነው። ታዲያ አንዴ ጣት ካረፈበት ላቡ እያደር ይበላዋል። ልጥረገው ብትሉ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጨርቁ የሚተወውን ጭረት ሰብሳቢ በማጉያ መነጽር ያየዋል። «እኔ ራሴ ፊቱን በባዶ እጄ ነክቼው አላውቅም» ይሉኝ ነበር።

የጠፋው ሄለን በተወለደችበት ዓመት የወጣው ነው። በዚያ ዓመት የተሠራው ጥቂት ስለነበር ከሁሉም ተፈላጊው እሱ ነው። ሄለን አባቷን ወደ አረጋውያን እንክብካቤ ቤት ልታስገባ አስባ፣ ስብስቡን የሚገዛ ሰው ጠርታ ነበር። ሰውየው ሰኞ መጥቶ ሣጥኑን ሲከፍት... የዚያ ሳንቲም መያዣ ባዶ።

ሶ፣ እዚያ ቤት ከእሳቸውና ከእሷ ሌላ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ።

ቦርሳዬን ሰጠኋት። ምሳዬን፣ መስገጃዬን፣ ሁሉንም ደረጃው ላይ ዘረገፈችው። ምንም አላገኘችም፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። እስከ ነገ ካልተገኘ ለቀጠረኝ ኤጀንሲ እንደምትናገር፣ ፖሊስም እንደምትጠራ ነገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ባሌ ኬንት ከተማ፣ የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእኔ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ አንዴ ሌባ ከተባልኩ አለቀ፤ ማንም ቤቱ አያስገባኝም።

ጋሼ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰማሉ። ሄለን ስትወጣ ጠጋ ብዬ፣ ጋሼ እርስዎ ያውቁኛል፣ ዘይነባ አትነካም በሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከፍተሻው ይልቅ የሰበረኝ ያ ነው።

ቤቱን ሳምሰው ዋልኩ። ሶፋ ሥር፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላስቲክ መሃል... በልቤ ዱዓ እያደረግኩ። የለም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጋሼን እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። የመድኃኒት ሰዓታቸው ደርሶ ልቀሰቅሳቸው ስል ቀኝ እጃቸው ጭብጥ ብሏል። ቀስ ብዬ ጣቶቻቸውን ከፈትኩ።

ሳንቲሙ መዳፋቸው ውስጥ ነው። ያ መስታወት የነበረ ፊቱ በጣት አሻራ ተሸፍኖ ደብዝዟል።

መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ይሄን ይዤ ሄለን ፊት ብቀርብ፣ ወስደሽው ነበር፣ ስትፈሪ መለስሽው ነው የምትለኝ። የቀሚሴን ጫፍ ይዤ ልጠርገው ቃጣኝ... መጥረግ ጨርሶ እንደሚያጠፋው ትዝ ሲለኝ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። ልነካውም ልተወውም አልቻልኩም።

ለካ ጋሼ ነቅተዋል።

«ተይው ዘይነባ» አሉኝ። «አሁን ማንም አይገዛውም።»

ሄለን ገዢውን በስልክ ስታነጋግር ሰምተዋል። ሌላው ይሸጥ፣ የልጄ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም አሉ። በዳበሳ ሣጥኑን ከፍተው፣ ቦታውን በቃላቸው ያውቁታልና፣ ስንት ዘመን ሳይነኩ ያኖሩትን ሳንቲም አወጡና በአውራ ጣታቸው ደጋግመው አሹት። ሰብሳቢ ከምን እንደሚሸሽ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? እኔ ነኝ ብለው እንዳይናገሩ ደግሞ ፈሩ። አእምሮውም ሄደ ብላ ቶሎ እንክብካቤ ቤት ታስገባኛለች ብለው።

«እኔስ ጋሼ?» አልኳቸው። «እኔ ሌባ ተብዬ ስቀርስ?»

ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አንቺ ወጣት ነሽ... ሌላ ሥራ አታጪም ብዬ ነው» አሉ።

መቆጣትም፣ ለእሳቸው ማዘንም አቃተኝ። ስልኬን አውጥቼ ሄለንን ኮል አደረግኩና ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። «ይንገሯት» አልኩ። በራሳቸው አፍ ነገሯት።

ሥራዋን ትታ መጣች። ሳንቲሙን ገልብጣ ዓመቱን አነበበችና አባቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸው ፀጉሯን ይዳብሳሉ። እኔን «ሶሪ» ያለችኝ ስወጣ ነው፣ በር ላይ፣ ጫማዬን ሳጠልቅ... እሱንም መሬት መሬቱን እያየች።

ጋሼ እንክብካቤ ቤት መግባታቸው አልቀረም፤ በሚቀጥለው ወር ይሄዳሉ። ሳንቲሙን ይዘውት ይሄዳሉ አሉ። እኔም እስከዚያ ድረስ አብሬያቸው ነኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ፣ ወላሂ...

ግን ሰው ቤት ልሠራ ስሄድ ኪስ ያለው ልብስ መልበስ ትቻለሁ።