እንባ የሌለበት ካሴት

ቴፕ ባየሁ ቁጥር እማዬ ትዝ ትለኛለች። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አስመራ ወታደር ነበር። እማዬ መጻፍ ስለማትችል ጎንደር ቤታችን ውስጥ ድምጿን በካሴት ልቀዳለት ተነሳሁ።

«ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች» ትልና ሳግ ይይዛታል።

«እማዬ፣ እንደገና።»

አራት ጊዜ ቀዳን፤ አራቴም አለቀሰች።

እኔ ብልጡ የጎረቤት ቴፕ ጨምሬ ተዋስኩና ለቅሶ የሌለበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ እየመረጥኩ ወደ አንድ ካሴት ገለበጥኩ። እማዬ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ጥርት ብላ ወጣች። ኮራሁና ላክሁት።

በወሩ አንድ ወታደር «ወይኔ እናቴ» እያለ ደረቱን እየደቃ በራችን ላይ ደረሰ። ወንድሜ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አትደብቁኝ። እማዬ ሳታለቅስ አናግራኝ አታውቅም። የድሮ ድምጿን ቀጣጥላችሁ መርዶዋን ነው የደበቃችሁኝ።»

ላስረዳው አፌን ስከፍት እማዬ ለቅሶውን ሰምታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንባዋን እያወረደች ከጓሮ መጣች።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብን ነው?» አለችው።