ንጹሕ ሱሪ

አያት ሰፈር፣ የባቡሩ ማብቂያ አጠገብ ካለው ካፌ አንድ ሰውዬ ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ሱሪው ከካውያ የወጣ ነው፤ እሱ ግን በየደቂቃው ጉልበቱን ያራግፋል። ላፕቶፑ ላይ ጌም ይሠራል። የጌም መሥሪያ ፕሮግራሙን ከኤአይ ጋር ስላገናኘው እጁን አያደክምም፤ በድምፁ ያዛል፣ ማሽኑ ይገነባል።

ዛሬ አንድ የቆርቆሮ ቤት አስገነባና ዶዘር አስመጣ።

«አፍርሰው!»

ቤቱ ፈረሰ።

«አቧራው አነሰ። እንደገና ሥራው። በሩ ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት አስቀምጥልኝ፤ ነጠላ አልብሳት።»

ማኪያቶውን ያመጣችው አስተናጋጅ ስክሪኑን አየችና ደነገጠች።

«ውይ! እማማን አታስነሳቸውም እንዴ?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ዶዘሩ ሊነሳ ሲል ኤአዩም ስክሪኑ ላይ ጻፈለት፦ «ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ሴትየዋን ላስወጣት?»

ልጅቷን የነፈጋትን መልስ ለማሽኑ ሰጠው።

«ተዋት» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ቀን የእውነት ቤቷን ሳፈርስም እስክትወጣ አልጠበቅኳትም።»

ቤቱ ወደቀ። አቧራው አሁን በቂ ነበር። ሰውየው ንጹሕ ሱሪውን አራገፈ።